በሦስተኛው ቀን የጮኸው ጋኔን አልነበረም

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቆጣል፤ በተለይ የአገልግሎት ባልንጀሮቼን። ስለዚህ ከሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ከራሴ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በአጥቢያችን ሁላችንም «ሃምሳ አለቃ» የምንለው ወንድም አለ። ከባድመ ጦርነት በኋላ ቦርድ ወጥቶ ከአንዱ ጥበቃ ሥራ ወደ ሌላው ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት እጁ ሳይንቀጠቀጥ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አይችልም ነበር። አንድ መለኪያ አረቄ ሲቀምስ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ሌሊት ደግሞ ጩኸት። አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ አንገቷን ስላነቃት ባለቤቱ ልጆቹን ይዛ ሌላ ክፍል ነበር የምትተኛው። እያለቀሰች ወደ ቢሮዬ የመጣችው እሷ ናት። «ፓስተር፣ ወይ እሱን አድኑልኝ፣ ወይ እኔ ልሂድ» አለችኝ።

እኔም የማውቀውን አደረግሁ። የሦስት ቀን ጾምና ጸሎት አወጅን። ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል አስገባነውና አረቄ እንዳይደርሰው በሩን ቆለፍን። ከውሃ በቀር ምንም አልሰጠነውም። የጸሎት ቡድኑ በፈረቃ ይገባ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ላብ በላብ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ «እየለቀቀው ነው» አልን። በሁለተኛው ቀን ማታ ወድቆ አረፋ ደፈቀ፤ «እየጣለው ነው» አልንና ማርቆስ 9ን አነበብንለት። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ሰዎች ይታዩት ጀመር። የሞቱ ጓዶቹን በየስማቸው እየጠራ፣ «ተኛ! ተኛ!» እያለ ወለሉ ላይ በሆዱ ይሳብ ነበር። እኛ ድምፃችንን ይበልጥ ከፍ አደረግን። «ስምህ ማን ነው?» እያልኩ ስጮህበት የነበርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ከእህቶቻችን አንዷ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ወደ ጸሎቱ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ለአፍታ አየችውና ገብታ እጁን ይዛ የልብ ምቱን ቆጠረች። «ፓስተር፣ መጠጥ ያቆመው መቼ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «አሁኑኑ መኪና ፈልጉ፤ ይሞትባችኋል።»

ሆስፒታል እንደደረስን በደም ሥሩ ዲያዜፓም ሰጡት፤ ቫይታሚን ቢ1 እና ግሉኮስም ጨመሩለት። ሦስት ቀን ሙሉ ስንገሥጸው ያልተወው መንቀጥቀጥ እዚያው ፊታችን እየበረደ ሄደ። ልጄ የሚሆን ወጣት ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና፣ በአክብሮት ግን በቁጣ፣ «ጋሼ፣ አንድ ሌሊት ብትጨምሩለት ኖሮ ዛሬ ለቀብር ነበር የምትሰበሰቡት» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወንድሞቼ አገልጋዮች፣ አጋንንት የሉም አላልኩም። አሉ ብዬ አምናለሁ፣ እሰብካለሁም፤ የኢየሱስ ስም ሲጠራ ሲወጡም አይቻለሁ። ነገር ግን በዲያዜፓም የሚወጣ ጋኔን አላውቅም።

ሐኪሞች ይህን ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው አእምሮው ፍሬን ተረግጦበት ነዳጅ እንደሚሰጠው መኪና ይሆናል። አልኮሉ ያደነዝዘዋል፤ እሱም ማደንዘዣውን ለመቋቋም ከልክ በላይ መንቃትን ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ፍሬኑ ይለቅና ነዳጁ ብቻ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መንቀጥቀጥና ላብ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ በአንዳንዶች ላይ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ መፍጠን ይታያል። ካልታከመ ይገድላል። ምግቡን በአረቄ የተካ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያልቅ፣ በዚያ ላይ ጾም ሲጨመርበት አእምሮው እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል።

አሁን እነዚህን ቀናት ከእኛ የሦስት ቀን ፕሮግራም ጋር አስተያዩአቸው። «ጋኔኑ ጮኸ» የምንልበት ሰዓትና ሰውየው ወደ ሞት የሚቀርብበት ሰዓት አንድ ነው። ከሦስቱ ቀናት ተርፎ የወጣውን መድረክ ላይ አቁመን እናስመሰክራለን። ያልተረፈውንስ? ስለ እሱ የሚመሰክር የለም።

በቲኦሎጂ ኮሌጅ አራት ዓመት ተምሬአለሁ። ግሪክኛ አንብቤአለሁ፤ ስለ ሺህ ዓመቱ መንግሥት ከመምህራን ጋር ተከራክሬአለሁ፤ የምክር አገልግሎት ኮርስም ወስጃለሁ። መጠጥ በድንገት ማቆም ሰው ሊገድል እንደሚችል ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ይህን ያህል ዓመት የሰዎች እረኛ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር አለማወቄን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ለምን ስለ ወታደሮች ለይቼ እጽፋለሁ? እየመጡ ስለሆነ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም፣ በየወገኑ የተሰለፉ እጅግ ብዙ ልጆቻችን በሕይወት ተርፈዋል። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት የመመለስ ዕቅድ እንዳለው በይፋ ተናግሯል። ማን ከየትኛው ወገን ተሰለፈ የሚለውን እዚህ አላነሣም። በእኔ አጥቢያ እንኳ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን የላኩ እናቶች ይቀመጣሉ። የተመለሰው ልጅ መሣሪያውን ያስረክባል፤ ትንሽ ገንዘብ ይቀበላል፤ አውቶቡስ ይሳፈራል። ሌሊት የሚመጣበትን ግን የሚረከበው የለም፤ ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህን ፊልም ደግሞ ከዚህ በፊት አይተነዋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ወጣት ነበርኩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ባንድ ጊዜ ማንም የማይፈልጋቸው ሆኑ። የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ አስፋልት ዳር ቆመው ሲለምኑ አይቻለሁ። ያን ጊዜ እኛ ወንጌላውያን ምን አደረግን? እውነቱን ልናገር። ቤተ ክርስቲያኖቻችን በደርግ ተዘግተው፣ አገልጋዮቻችን ታስረው፣ እኛም በየሰው ቤት ተደብቀን ስንጸልይ ኖረን ነበር፤ ያ ቀን ሲያልፍ ዘመርን። በመዝሙራችን መካከል «እግዚአብሔር ፈረደባቸው» ያለ ሰው ነበር፤ እኔም «አሜን» ብያለሁ። ያ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው በአፈሳ ተይዞ የዘመተ የገበሬ ልጅ ቤተ ክርስቲያን የዘጋ ይመስል! ከእነዚያ ብዙዎቹ በጠላ ቤትና በአረቄ ቤት አለቁ። ያኔ ያልከፈትነው በር ነውና ዛሬ ስለ አዲሶቹ ተመላሾች ስንናገር በትሕትና ይሁን።

የጦርነት የአእምሮ ቁስል የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚል ክርክር እሰማለሁ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች «ሼል ሾክ» አሉት፤ የመድፍ ድንጋጤ እንደማለት ነው። ያን ጊዜ እንዲህ የሆነውን ወታደር ፈሪ ብለው የሚቀጡትም ነበሩ። ከቬትናም ጦርነት በኋላ ዘማቾቹ ራሳቸው አጥብቀው ስለጮኹ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ብሎ በመመሪያው ውስጥ አስገባው። በአማርኛ ድኅረ አደጋ የአእምሮ ጭንቀት እንለዋለን። ስሙ አዲስ ነው፤ ነገሩ ግን አይደለም። ሃምሳ አለቃ ስለ ቬትናም ምንም የሚያውቀው የለም። ባጃጅ ጭስ ማውጫው ሲያፏጭ ግን መንገድ ላይ በደረቱ ይወድቃል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ያየውን ዳግመኛ የሚያየው ሊያስታውስ ፈልጎ አይደለም፤ ትዝታው ራሱ ሳይጠራ ይመጣበታል እንጂ። እኛ ደግሞ ፊልጵስዩስ 3፥13ን ከአውዱ ነቅለን «የኋላህን እርሳ ተብሏል» እንለዋለን። ጳውሎስ እዚያ ላይ ስለ ትምክህቱና ስለ ሩጫው ነው የሚናገረው እንጂ ስለ ቅዠት አይደለም። እግሩ የተሰበረን ሰው «እርሳውና ሩጥ» ብንለው ሰሚው ይስቅብናል።

አረቄውና ጫቱስ? ኃጢአት አይደለም ወይ? ስካር ኃጢአት ነው፤ ቃሉን አላለዝብም። ነገር ግን ሃምሳ አለቃ ከተሻለው በኋላ እንዴት እንደጀመረ ሲነግረኝ ገባኝ። ለደስታ አልነበረም። ሳይቃዥ ለመተኛት ጠጣ፤ ተኝቶ እንዳይቃዥ ደግሞ ጫት ቃመ። አንዱን ሲያባርር ሌላው እየያዘው ሃያ ዓመት አለፈ። እንዲህ ያለውን ሰው መጠጡን ብቻ ቀምተን ብንልከው ቁስሉን ሳናይ ፋሻውን ቀደድንበት ማለት ነው። ለዚህ ነው ሕክምናው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያለበት፦ መጠጡን በሐኪም ክትትል ማስቆምና የጦርነቱን ቁስል በምክርና አስፈላጊም ሲሆን በመድኃኒት ማከም።

አሁን ወደሚያስቆጣው ልምጣ። በየመድረኩ «መድኃኒታችሁን አምጡና ጣሉ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ካሜራ ተቀርጾ፣ የእንክብል ፕላስቲክ ተራግፎ፣ ሕዝብ እልል ብሎ። ከሌላ አጥቢያ የመጣ አንድ ወጣት ዘማች በእንደዚህ ያለ ምሽት መድኃኒቱን ጥሎ ተመሰከረለት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነበሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ሳምንታት እንደሚፈጁ ሁሉ ሕመሙም ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዝግታ ነው። ሕመሙ ሲመለስበት ለማንም መናገር አልቻለም፤ «ተፈውሻለሁ» ብሎ በአደባባይ ተናግሯልና። ተመልሼ ሐኪም ጋ ልሂድ ቢል ምስክርነቱን ማፍረስ፣ እግዚአብሔርን ማሳፈር መሰለው። በሦስተኛው ወር በገዛ እጁ ሞተ። በቀብሩ ላይ «ድንገተኛ ሕመም» ተባለ። እኔም ከቆሙት ፓስተሮች አንዱ ነበርኩና ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ነው ይህን የሚያስጽፈኝ።

ጌታችን ራሱ ምን አደረገ? ለምጻሙን በዳሰሰውና ባነጻው ጊዜ መድረክ ላይ አላቆመውም። ሄደህ ራስህን ለካህን አሳይ አለው (ማር. 1፥44)። አሥሩንም እንዲሁ ላካቸው (ሉቃ. 17፥14)። ዘሌዋውያን 13ን እና 14ን ያነበበ ካህኑ ያን ጊዜ ምን ያደርግ እንደነበር ያውቃል፦ ቆዳውን ያያል፣ ሰባት ቀን ለይቶ ያቆያል፣ ደግሞ ያያል። የእግዚአብሔር ልጅ የፈወሰው ሰው እንኳ እንዲመረመር ከተላከ፣ እኔ የጸለይኩለት ሰው ከሐኪም ፊት የሚሸሸው በምን ምክንያት ነው? እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም። ተፈውሰህ ከሆነ ሐኪምህ ያየዋል፤ መድኃኒቱንም በሥርዓቱ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው እሱ ነው። እኔ አይደለሁም፤ ነቢዩም አይደለም።

«ማርቆስ 5ስ?» ይሉኛል። በመቃብር ሲኖር የነበረው ሰው፣ ሌጌዎን የተባለው። ስሙ ራሱ የወታደር ቃል ነው፤ የሮማ ሠራዊት ክፍል መጠሪያ። ምዕራፉን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ያን ሰው በሰንሰለት ያሰሩት የአካባቢው ሰዎች እንጂ ኢየሱስ አይደለም። ዛሬ በእግዚአብሔር ስም ሰው በሰንሰለት የሚያስሩ «የጸሎት ቤቶች» ራሳቸውን ከታሪኩ ውስጥ የት እንደሚያስቀምጡ ቢያስቡበት። በታሪኩ መጨረሻ ሰውየው ለብሶ፣ ልብ ገዝቶ፣ ተቀምጦ ተገኘ፤ ወደ ቤተ ሰዎቹም ተላከ። የእኛ «ነጻ የወጡት» ከወር በኋላ የት እንደሚገኙ ሄደን እናያለን?

ደግሞ 1ኛ ነገሥት 19ን አንብቡ። ኤልያስ ከደም አፋሳሽ ቀን በኋላ ምድረ በዳ ገብቶ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። «እምነትህ የት አለ» አላለውም። አስተኛው፤ በመልአክ እጅ አስነሥቶ አበላው፤ ደግሞ አስተኛው፤ ደግሞ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሴም በዘኍልቍ 31 ከጦርነት የተመለሱት ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ቆይተው እንዲነጹ አዝዟል (ቁ. 19)። ምዕራፉ ከባድ ነው፤ ሌላውን ክፍል በዚህ አልገባበትም። ይህን ያህል ግን ግልጽ ነው፦ ሕጉ ከጦር ሜዳ የመጣውን ሰው ዕለቱን ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ አላስገባውም። በመካከል ጊዜ፣ ውሃና ሥርዓት ነበር። የእኛ ልጆች በመካከል ያገኙት የአውቶቡስ ቲኬት ነው።

መንግሥትንም ሳልነካው አላልፍም። ለዘማች ጀግና ብሎ መዘመር ርካሽ ነው። የአእምሮ ሕክምና አገልግሎታችን ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ ባለው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በአገራችን የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዛሬ በክልል ሆስፒታሎች ውስጥም የአእምሮ ጤና ክፍሎች አሉ፤ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችም ሥልጠና እየወሰዱ ነው። ነገር ግን ከገጠር ወረዳ ለሚመጣ ተሰናባች ወታደር ያ ክፍል የአንድ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ሲደርስ መድኃኒቱ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ሱስን በሚመለከት የሚሰጠው አገልግሎት ደግሞ ከዚያም የቀጠነ ነው። ገንዘብ ሰጥቶ መሸኘት ብቻውን ምን ያደርጋል? የሚጠጣ ሰው እጅ ላይ የተጫነ ብር የት እንደሚሄድ ሚስቱን ጠይቋት።

አሜሪካኖች ከብዙ ጥፋት በኋላ የተማሩት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከቬትናም ለተመለሱት ከትልልቆቹ ሆስፒታሎች ውጭ፣ በየሰፈሩ ተራ ቤት ውስጥ የምክር ማዕከላት መክፈት ጀመሩ። ዘማቾቹ ሆስፒታሉንም መንግሥትንም አያምኑም ነበርና። ከአማካሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው የዘመቱ ነበሩ። ሰውየው ካርድ ሳያወጣ፣ «እብድ» ሳይባል፣ በር አንኳኩቶ ይገባል። ይህን ሳነብ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው የአጥቢያችን ግቢ ነው። በየቀበሌው፣ በየገጠሩ ግቢ ያለው ማን ነው? ሰኞና ማክሰኞ ባዶውን የሚውል ክፍል ያለው ማን ነው?

ስለ አማኑኤል ሆስፒታል ካነሣሁ አይቀር፣ «አማኑኤል ገባ» ማለት በእኛ አገር ስድብ ሆኗል። ምእመናን ልጃቸውን እዚያ ከመውሰድ ቤት ቆልፈው ማቆየትን ይመርጣሉ። ያ ስም ግን በማቴዎስ 1፥23 ምን ማለት እንደሆነ በየገናው እንሰብካለን።

ሐኪሙ ሁሉን ይችላል ወደሚለው ደግሞ አልሄድኩም። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ ተሽሎት፣ እንቅልፉም ተመልሶ፣ ቢሮዬ መጥቶ በሩን ዘጋ። ምሽግ ውስጥ ስላገኘው አንድ ልጅ ነገረኝ። እጁን አንሥቶ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ግን ተኮሰ። «ፓስተር፣ መድኃኒቱ እንቅልፌን መለሰልኝ፤ ይሄን ግን አልወሰደልኝም» አለ። እዚህ ላይ ሐኪሙ የሚያዝዘው እንክብል የለም። ይህ የኔ ሥራ ነው፤ የተጠራሁበት። ስለ መስቀሉ ደም የምናገረው በዚህ ጊዜ ነው። «ጦርነት ነው፣ ምንም አይደለም» ብዬ አላቃለልኩበትም፤ ዳዊት እንኳ በእግዚአብሔር የተወደደ ሆኖ ብዙ ደም በማፍሰሱ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ተከልክሏል (1ኛ ዜና 28፥3)። አብረን አለቀስን፤ ተናዘዘ፤ ይቅርታን አነበብኩለት። ያን ቀን አንድ ቀን አልነበረም፤ ደጋግመን ተመለስንበት። ነገር ግን አስቡት፦ በሦስተኛው ቀን በዚያ ክፍል ሞቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ኑዛዜ ማን ይሰማው ነበር? ሐኪሙ ለኔ ሥራ ጊዜ ገዛልኝ።

በአጥቢያችን ሽማግሌዎች ተሰብስበን የወሰንነው ይህ ነው። ማንም አገልጋይ ማንንም ሰው መድኃኒት አቁም አይልም፤ ያለ እንደሆነ ከአገልግሎቱ ያርፋል። በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ጾም አናውጅም። ጠዋት እጁ እስኪጠጣ ድረስ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ሆስፒታል እናደርሰዋለን፤ ጸሎቱን እዚያው አልጋው አጠገብ እናደርጋለን። ነርሷ እህታችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በሰንበት ትምህርት ክፍሉ ትቀመጣለች። ከዲያቆናት ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት እንከፍላለን። የሃምሳ አለቃ የወር መድኃኒት ድሮ ከሚቅመው የሳምንት ጫት ያንሳል። መጀመሪያ ላይ «ቤተ ክርስቲያኗ ክሊኒክ ሆነች» ያሉ ነበሩ። ደጉ ሳምራዊም ዘይትና ወይን አፍስሶ፣ ቁስሉን አስሮ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ ከዚያ በላይ ቢያስወጣ ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ሄዷል (ሉቃ. 10፥34-35)። በታሪኩ ውስጥ ንጹሕ ሆነው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ናቸው።

ከእናንተ መካከል የዘመተና ይህን የሚያነብ ካለ፣ አማኝ ሁን አትሁን፣ ለአንተም ልናገር። መድኃኒት መውሰድህ እምነት እንደሌለህ አያሳይም፤ ያን ያለህ ሰው ተሳስቷል። በየቀኑ የምትጠጣ ከሆነ ብቻህን፣ በር ዘግተህ፣ በእልህ ባንድ ቀን አታቁም፤ በአቅራቢያህ ወዳለው ሆስፒታል ሂድና «ማቆም እፈልጋለሁ፣ ይሄን ያህል እጠጣለሁ» ብለህ እውነቱን ተናገር። መሞትን ካሰብህ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር። ሚስትህ፣ ወንድምህ፣ ነርስ፣ ፓስተር፣ ማንም ይሁን፤ ብቻህን አትደር። እናንተም እህቶች፣ ሌሊት የሚጮኸው ባላችሁ ሲነሣ ከጀርባው አትንኩት፤ ከሩቅ በስሙ ጥሩት፤ ልጆቹንም ስለማሸሻችሁ ማንም አይውቀሳችሁ።

ሃምሳ አለቃ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ ሆስፒታል ተመልሷል፤ በሁለተኛው ራሱ ደውሎ ነው «ፓስተር፣ ውሰዱኝ» ያለኝ። አሁን የእሁድ አምልኮ ላይ የሚቀመጠው በበሩ አጠገብ፣ ጀርባው ለግድግዳ ሆኖ ነው። አስተናጋጆቹ ያቺን ወንበር ለሌላ ሰው አይሰጧትም። ሊጸልይለት የሚፈልግ ከፊቱ መጥቶ ጠይቆ ነው እጁን የሚጭነው። የስፒከሩን ድምፅ ለማስቀነስ ከዘማሪዎቹ ጋር ለአራት ወር ተከራክሬአለሁ፤ ለእኔም ጆሮ ደግ ሆነልኝ። ርችት በሚተኮስበት የበዓል ዋዜማ ደግሞ ከሽማግሌዎች አንዳችን ቤቱ ሄደን ጩኸቱ እስኪበርድ አብረን እናመሻለን፤ ባለቤቱ ቡና ታፈላለች። ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው።